ከጣሪያ እስከ ሳሎን

ዲሽ ሠሪው በሰላሳ ዓመት የሥራ ዘመኑ የሰው ቴሌቪዥን ከጀርባው እንጂ ከፊቱ ተቀምጦ አይቶ አያውቅም። ሰው ሶፋው ላይ ተደላድሎ ኳስ ሲያይ እሱ ቆርቆሮ ላይ ተንበርክኮ ቡሎን ያጠብቃል። የሰፈሩን ሰው ሁሉ የሚያውቀው ከላይ ነው። የማን ጣሪያ እንደዛገ፣ የማን ልጅ ኳስ የት ወድቃ እንደቀረች፣ ያቺ አንድ እግር ቀይ ጫማ ማን ቆርቆሮ ላይ እንዳለች ጠይቁት፤ ሳያስብ ይነግራችኋል። ድራማው የት ደረሰ ብትሉት ግን የቱ ድራማ ነው የሚላችሁ።

ዘንድሮ ሃምሳ ስምንት ዓመት ሞላው። ጉልበቱ ቀድሞት ጡረታ ወጥቷል። መሰላል ሲወጣ ቀኙ ያመዋል፣ ሲወርድ ግራው። የሰፈሩ ልጆች ያወጡለት ስም «መጣ ሄደ» ነው፤ ስሙም ከሥራው የመጣ ነው። ዲሽ ሲተከል አንድ ሰው ጣሪያ ላይ ሆኖ ሳህኑን በጥቂት በጥቂቱ ያዞራል፣ ሌላ ሰው ደግሞ ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥኑ ፊት ይቆማል። ሥዕሉ ብቅ ሲል «መጣ!»፣ ሲጠፋ «ሄደ!» ብሎ የሚጮህ ሰው የግድ ያስፈልጋል። ላዩ ያለው ሰውዬ ቴሌቪዥኑን አያይም፤ የሚያየው በታችኛው ሰው አፍ ነው።

ሽቦ የሚነካ ሰው ሁሉን ያውቃል ተብሎ ስለሚታሰብ ያላሳዩት ዕቃ የለም። ስልክ ያሳዩታል፣ ምድጃ ያሳዩታል፣ የወገብ ማሳጅ ማድረጊያ ሳይቀር ከነሳጥኑ አውጥተው «እስቲ ይቺን እያት» ይሉታል። አንዱ ነጋዴ የሪሞቱን ላስቲክ ሰባት ዓመት ሙሉ አልቀደደም፤ እንዳይቆሽሽበት ብሎ። ላስቲኩ ደብዝዞ ቁጥሮቹ ስለጠፉ ባልና ሚስቱ የሚጫኑት በግምት ነው፤ ዜና ሲፈልጉ አዞ ይመጣባቸዋል። አንድ አባወራ ደግሞ መሰላሉን ተከትሎ ጣሪያ ድረስ ወጣና፣ «ወንድሜ፣ ልጆቼ አለቁልህ፤ እባክህ ዲሹን ወደ ትምህርት ብቻ አዙርልኝ» ብሎ ለመነው። ዲሽ ሠሪው ሳህኑን አንድ ጣት ገፋ አድርጎ መልሶ አስተካከለለት። አባወራው መርቆት ወረደ።

እሱም በበኩሉ ስለ ዘመኑ ዕቃ የማያወላውል አቋም አለው። የድሮው ቴሌቪዥን ሆድ ነበረው ይላል። ላዩ ላይ አበባ ይቀመጥበታል፣ የሠርግ ፎቶ ይቀመጥበታል፤ ሲያስቸግር ጎኑን መታ ሲያደርጉት ወደ ልቡ ይመለሳል። የአሁኑ እንደ ትሪ ስስ ነው። ቢመቱት ይሰነጠቃል፣ ቢቆጡት «ኢንተርኔት የለም» ብሎ ይመልሳል። ስልኩማ ጨርሶ አንጀቱን አሳርሮታል። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ መዳፉን ማየት ከጀመረ ወዲህ ዲሽ የሚያስተክለው ቀነሰ፤ አንዷ ደንበኛው ያወረደችውን ሳህን የዶሮ ውኃ መጠጫ አድርጋዋለች። ሌላ ከተማ ያለችው ልጁ ራሷ በቪዲዮ እየደወለች፣ «አባዬ፣ ዲሽ እኮ አለቀለት» ትለዋለች። እሱ ስክሪኑ ላይ ከንፈሯን እያየ፣ «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» ይላታል።

መቼም የማይሰማ ሰው መልሱ ያው «ደህና ነኝ» ነው።

ጆሮው መቼ መክዳት እንደጀመረ በውል አያውቅም። ከድሪሉ ይሁን ከዕድሜው፣ መጀመሪያ ቀኙ ሙሉ በሙሉ ሄደ። ግራው አንድ ክንድ ርቀት ላይ ያለ ሰው ረጋ ብሎ ሲያነጋግረው ይይዛል፤ ከዚያ ካለፈ ወይም በስልክ ከሆነ እሱም የለም። ይህን ለማንም አልተናገረም። በተለይ ለሚስቱ አልተናገረም። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ደግሞ እንዴት እንደተገናኙ ማወቅ ያስፈልጋል።

የዛሬ ሃያ ስድስት ዓመት አንድ ግቢ ዲሽ ሊተክል ሄደ። በታች የሚጮህለት ባልደረባው ታሞ ቀርቶበታል። «እባካችሁ አንድ ሰው ቴሌቪዥኑ ፊት ይቁምልኝ» ብሎ ጣሪያ ላይ ወጣ። ሳህኑን ሲያዞር ሲያዞር ቆየና ከቤቱ ውስጥ «መጣ!» የሚል ድምፅ ፈነዳ። ጥርት ያለ፣ ትንሽ ቁጣ ያለበት፣ ከኮርኒሱም ከቆርቆሮውም አልፎ የሚወጣ ድምፅ ነበር። ፊቷን ሳያይ በድምፅዋ ፍቅር ወደቀ። ደግማ እንድትጮህ ሲል የተስተካከለውን ሳህን ሆን ብሎ ሦስት ጊዜ አበላሸው። በአራተኛው ላይ፣ «ሰውዬ፣ ሥራውን ታውቀዋለህ ወይስ አታውቀውም?» ብላ ግቢው ውስጥ ብቅ አለች። በዓመቱ ተጋቡ።

ከዚያ ወዲህ ጣሪያው የእሱ፣ ሳሎኑ የእሷ ሆነ። ሥራ የሄዱበት ቤት ሁሉ አብረው ነው። እሷ ሻርፗን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ቴሌቪዥኑ ፊት ትቆማለች፤ «አንድ ጣት ወደ ግራ! ቁም! አልፈሃታል፣ ተመለስ! መጣ!» ስትል ጎረቤቱ ሁሉ ይሰማል። ሲመለሱ እሱ የጣሪያውን ወሬ ይነግራታል፣ እሷ የሳሎኑን። ማን አዲስ ምንጣፍ እንደገዛ፣ የትኞቹ ባልና ሚስት እንደተኳረፉ፣ የማን ልጅ ሪሞት ሰብሮ አልጋ ሥር እንደደበቀ፣ ሁሉን ይዛ ትወጣለች። የሥራው ድካም የሚለቀው በዚያ መንገድ ላይ ነበር።

እንግዲህ አንድ ቀን፣ የዛሬ ስምንት ወር መሆኑ ነው፣ ጣሪያ ላይ ወደ ኋላ እየተራመደ ገመድ ሲስብ ሚስቱ ግቢው ውስጥ ሆና ጮኸች። እሱ ግን ምንም አልሰማም። ላቡን ለመጥረግ ዞር ሲል ነው የኤሌክትሪኩን ሽቦ አንድ ክንድ የማይሞላ ርቀት ላይ፣ ልክ ከማጅራቱ አጠገብ ያየው። ቁልቁል ቢያይ ሚስቱ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ እየጮኸች ነው፤ አንገቷ ላይ ያለው ሥር ተገትሯል። ሽቦው ብቻ አልነበረም ያስደነገጠው። ያን ሁሉ ቤት ሰንጥቆ ይወጣ የነበረው ድምፅ ሲወጣ እያየ አልሰማውም።

«ያን ያህል ስጮህ ምን ሆነህ ነው?» አለችው ሲወርድ።

«ሰምቼሻለሁ። ሽቦውን አይቼው ነበር» ብሎ ዋሸ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐሳብ ገባው። ብነግራት መሰላሉን ትደብቅብኛለች አለ በልቡ። የማይሰማ ሰው ጣሪያ ላይ ምን ይሠራል? ከጣሪያ ከወረደ ደግሞ ሌላ ሥራ አያውቅም። ከዚያ ሁሉ የባሰው ግን «ድምፅሽ አይደርሰኝም» የሚለው ቃል ነበር።

በሳምንቱ ፋይንደር የሚሏትን ዕቃ ገዛ። መዳፍ የምታክል ሳጥን ናት፤ ከዲሹ ጋር ስትያያዝ ሲግናል ባገኘች ቁጥር መርፌዋ ከፍ ትላለች። «ትጮሃለችም» ብሎት ነበር ሻጩ። እሱ ያየው መርፌዋን ነው።

«ከእንግዲህ አንቺ ቤት አረፍ በይ» አላት ለሚስቱ። «ማሽኑ ይበቃኛል።»

ሳጥኗን ተቀብላ አገላብጣ አየቻት። «ይቺ ናት የተካችኝ?»

«ዘመኑ ነው እንግዲህ።»

ሻርፗን በር አጠገብ ካለው ሚስማር ላይ ሰቀለችው፤ ስምንት ወር ሙሉ እዚያው ተሰቅሎ ዋለ። እሑድ ከምሳ በኋላ ሶፋው ላይ እንደ ወትሮው በቀኙ በኩል ተቀምጣ አንድ ነገር ስትለው በዓይኑ ጠርዝ አያት። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየ፣ ቃሉን አልያዘም። ሳሙና ያለቀባት መሰለውና፣ «እሺ፣ ነገ እገዛዋለሁ» አላት። ለረጅም ጊዜ ትኩር ብላ አየችውና ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። ቅር አላት እንዴ ብሎ ትንሽ አሰበበት፤ ከዚያ ረሳው። ሳሙናውን ግን በማግስቱ ገዛ።

ፋይንደሯ እንደ ሚስቱ አልሆነችለትም። ሰማይ ላይ ያለው ሳተላይት ብዙ ነው፤ እሷ የትኛውንም ብታገኝ መርፌዋን ታነሳለች፣ የቱ እንደሆነ አትለይም። ስለዚህ መርፌዋ ከፍ ስትል ሰውዬው ወርዶ ሳሎን ገብቶ በዓይኑ ያያል። ካልሆነ ተመልሶ ይወጣል። በአንድ ቤት አራቴም አምስቴም ይመላለሳል። ወደ ቤቱ ሲመለስ መሰላሉን ትከሻው ላይ አድርጎ ብቻውን ነው፤ የሳሎን ወሬ የሚነግረው የለም። ማታ ጉልበቱን ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክሮ ሲቀመጥ ሚስቱ ፎጣውን አቀብላው ወደ ጓዳ ትገባለች። ደክሞት ነበር። እንዲህ ደክሞት አያውቅም።

ጉዱ የፈላው ጡረታ በወጣችው አስተማሪ ቤት ነው። ሴትዮዋ ሰባ ዓመት አልፏታል፣ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ያላት ነገር ዜናዋ ነው፤ ዜና ሳትሰማ ቁርስ አትበላም። ንፋስ ያዞረባትን ዲሽ እንዲያስተካክልላት ጠራችው። ወጣ፣ መርፌዋ ከፍ አለች፣ ወረደ። ሪሲቨሩን ቻናል አስፈልጎ ሲጨርስ ቴሌቪዥኑ ላይ ክራቫት ያሰረ ሰውዬ ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ደርድሮ ያወራል። ሥዕሉ እንደ መስታወት ጥርት ያለ ነው። ከሥር የሚሮጠውን ጽሑፍ እንዳያነብ መነፅሩን ቤት ረስቶታል። አስተማሪዋ ወጥ ቤት ነበረች።

«ይኸው ዜናዎ፣ እትዬ!» ብሎ መሰላሉን አንስቶ ሄደ።

ዜና አንባቢው የሚያወራው ግን በምን ቋንቋ እንደሆነ ፈጣሪ ይወቀው። ጆሮ ያለው ሰው ሁሉ ከበር ሳይወጣ የሚያውቀውን ነገር እሱ አላወቀም። አስተማሪዋ ስትደውልለት የስልኩን ንዝረት አይቶ አነሳና፣ «ምንም አይደል እትዬ፣ ኧረ ምስጋና አያስፈልግም» ብሎ ዘጋው። ደግማ ደወለች፤ ደግሞ አመሰገናት። በሦስተኛው ቀን ምርኩዟን ይዛ ቤቱ ድረስ መጣች።

ያን ዕለት ከሰዓት እሱ ሶፋው ላይ ነበር። ሚስቱ በሩን ስትከፍት አየ። አስተማሪዋ ቆማ እጇን እያወናጨፈች ስታወራ፣ ሚስቱ ራሷን እየነቀነቀች ስትሰማ አየ። ራቅ ብሎ ስለተቀመጠ ጠብ የሚልለት ቃል አልነበረም። እጅ ነስቶ ፈገግ አለ። አስተማሪዋ ፈገግታውን አይታ የባሰ ተናደደች።

ስትሄድ ሚስቱ መጥታ ፊት ለፊቱ ቆመች። «ባልሽ የማላውቀው ቋንቋ አምጥቶ ጎልቶብኝ ሄደ አለች» አለችው፣ ረጋ ብላ። «ሦስት ቀን ሙሉ ያን ሰውዬ ስሰማው ከረምኩ፣ ስደውልለት ደግሞ ያሾፍብኛል አለች።»

ፊቱ ሲግል ተሰማው። «ሳተላይቱ ተምታቶብኝ ነው። ነገ ጠዋት ሄጄ አስተካክልላታለሁ።»

«እኔም እመጣለሁ።»

«ማሽኑ እኮ...»

«ማሽንህን ያዘው። እኔ አስተማሪዋን ልጠይቃት ነው የምሄደው።»

በማግስቱ ጠዋት ሻርፑን ከሚስማሩ ላይ አውርዳ አራገፈችው፤ አቧራው ቤቱን ሞላው። መንገዱን ሁሉ የዕቃውን ቦርሳ ይዛ ከኋላው ሄደች። ዲሽ ሠሪው ያን መንገድ የሄደው ወደ ፍርድ ቤት እንደሚወሰድ ሰው ነው። ዛሬ ትጮሃለች፣ እኔ አልሰማም፣ አለቀ። ከዚያ መሰላሉ ይሸጣል፣ እኔም መስኮት ሥር ተቀምጬ ሌላው ሰው የሚሰማውን ቴሌቪዥን ሥዕሉን ብቻ አያለሁ። ይህን እያሰበ ደረሱ።

አስተማሪዋ ሚስቱን ስታይ ፊቷ በራ። «እሰይ! አንቺ እያለሽማ እንዲህ ያለ ጉድ አልነበረም። ይኸው ሰውዬውን ተመልከችው፣ አሁንም እየለፈለፈ ነው።»

እሱ መሰላሉን አስደግፎ ወጣ። ቀኝ ጉልበቱ አመመው። ፋይንደሯን አውጥቶ ሊያገናኛት አለና መልሶ ኪሱ ከተታት። የቱን እንደምታሳየው አታውቅ፣ ምን ታደርግለታለች? ቡሎኑን አላላና ሳህኑን በሁለት እጁ ይዞ በዝግታ ማዞር ጀመረ። ግራ ጆሮውን ወደ ታች አዘነበለ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ንፋሱን እንኳ የሚያውቀው ፊቱን ሲነካው ነው። አሁን እየጮኸች ይሆናል፣ ምናልባት «መጣ» ካለች ቆይታለች፣ አልፌው ይሆናል እያለ አንድ ጣት ያህል አዞረ። ደግሞ አንድ ጣት። ቁልቁል ወርዶ «ድምፅሽ አይደርሰኝም» ሊላት ወሰነ። አንድ እግሩን ወደ መሰላሉ አነሳ።

ይሄኔ የቀረው እግሩ ሥር ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ።

እግሩን መልሶ አሳረፈ። ምንም የለም። ሳህኑን ወደመጣበት ትንሽ መለስ አደረገው፤ ቆርቆሮው ከጫማው ሥር አንዴ ደለቅ አለ። ደግሞ ወደ ግራ ገፋ ሲያደርገው ዝም አለ። መለሰው፤ ደለቅ፣ ደለቅ፣ ደለቅ አለ፤ ሳያቋርጥ፣ ትንሽ ቁጣ ባለበት አመታት። ማን እንደሆነች ለማወቅ ጆሮ አላስፈለገውም። ሳህኑን እንዳይነቃነቅ በደረቱ ደግፎ ቡሎኑን አጠበቀ። እንባው መጣበት፣ በሁለቱም እጁ ሥራ ይዞ ስለነበር አልጠረገውም።

ሳሎን ሲገባ ሚስቱ የመጥረጊያ እንጨት ይዛ ወንበር ላይ ቆማለች፤ ፀጉሯ ላይ የኮርኒሱ አቧራ ተበትኗል። ቴሌቪዥኑ ላይ ሌላ ዜና አንባቢ ያወራል። አስተማሪዋ ልቧ ሁለት ቦታ ተከፍሎ አንዴ ቴሌቪዥኑን አንዴ ኮርኒሷን ታያለች።

«አፍ የላትም እንዴ ሚስትህ?» አለችው። «ቤቴን ልታፈርሰው ነበር እኮ!»

«ይቅርታ ያድርጉልን፣ እትዬ» አለች ሚስቱ ከወንበሩ እየወረደች። «እሱ አሁን በእግሩ ነው የሚሰማው።»

ከግቢው ወጥተው ሄዱ። መሰላሉ ትከሻው ላይ ከበደው፤ አጥሩ ጥግ አስደግፎት ቆመ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

አጠገቡ በግራው በኩል መጥታ ቆመች። ቃሉን አንድ በአንድ እንዲይዘው ቀስ ብላ ነው የተናገረችው። «ማሽኑን የገዛህ ሰሞን። እሑድ ዕለት ሶፋው ላይ ተቀምጠን አንድ ነገር ጠየቅኩህ። ቀኑን ሙሉ ስፈራ ስቸር ውዬ ነው የጠየቅኩህ። አንተ ‹እሺ፣ ነገ እገዛዋለሁ› አልከኝ።»

ትዝ አለው። ሳሙናውም ትዝ አለው።

«ታዲያ ስምንት ወር ሙሉ ምነው ዝም አልሽ?»

«አንተ እስክትነግረኝ። ዛሬ ይነግረኛል፣ ነገ ይነግረኛል እያልኩ። ስትመለስ መሰላሉ ግድግዳውን ሲነካ የሚያሰማውን ድምፅ እስክሰማ ድረስ አንድ ቀን እንኳ ሥራ ይዤ አልዋልኩም።» ሻርፗን ሳበችው። «ደከመኝ እኮ። ወደ ጣሪያ መጮህ አይደክመኝም ነበር። ይሄ ደከመኝ።»

አንገቱን ደፋ። አፍሮ ነበር። ከዚያ ቀና ብሎ ጠየቃት።

«ያን ዕለት ምን ነበር ያልሽኝ?»

«‹ምን በድዬህ ነው› ነበር ያልኩህ።»

«ምንም!» አለ። «ምንም አልበደልሽኝም!» ጆሮ የከዳው ሰው የራሱን ድምፅ ልክ አያውቅምና መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየው፤ አንድ በር ተከፈተ፣ አስተማሪዋም በአጥሯ ላይ ብቅ አለች። «አንቺ ምን አድርገሽ! ምንም! ምንም!»

ሚስቱ የመሰላሉን አንድ ጫፍ አንስታ ትከሻዋ ላይ አደረገች።

«አትጩህ» አለችው። «እኔ እሰማለሁ።»